የእንጨት ቀራጩ ቅናት

ጀቤዝ ፖትልን ያወቅሁት ለንደን ውስጥ፣ ከወንዙ ብዙም በማይርቅ ማተሚያ ቤት ነው። እሱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ መስኮት ሥር ተቀምጦ እንጨት ይቀርጻል፤ እኔ ምድር ቤት የብረት ፊደል እየለቀምኩ ለኅትመት እደረድራለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚወጣ የቀልድ ጋዜጣ ነበረን። ሠዓሊው ነጭ በተቀባ ጠንካራ እንጨት ላይ በእርሳስ ይስላል፤ ፖትል መስመሩን አስቀርቶ የቀረውን ፈልፍሎ ያወጣል፤ እንጨቱ ቀለም ተቀብቶ ጋዜጣው ላይ ይታተማል። ሥራው ሲያልቅ የእርሳሱ ሥዕል የለም፤ የሚታየው የፖትል መቅረጫ ያስቀረው ብቻ ነው። ስሙ ግን የሠዓሊው ነው።

ሠዓሊው ላምበርት ትሬል ይባላል። ሁለቱ በአንድ ጌታ እጅ ሙያ የተማሩ፣ በልጅነታቸው አንድ አልጋ የተጋሩ ጓደኛሞች ናቸው። ፖትል ፈረስ ከሳለ ጅማቱ ይቆጠራል። ትሬል የሳለው ፈረስ ግን የሰፈሩን ቤት አከራይ ይመስላል፤ ያየው ሁሉ ሆዱን ይዞ ይስቃል። ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው ስሙ በከተማው ገነነ። ትልልቅ ሹማምንት እንኳ በትሬል እርሳስ መቀለዳቸውን እንደ ሽልማት ይቆጥሩት ጀመር። ፖትል መስኮቱ ሥር ቀረ።

ይህን ሁሉ ይችለው ነበር። ያልቻለው የሚስቱን ሳቅ ነው። ሄስተር ቅዳሜ ጠዋት በጢስ የደረቀ ዓሣ ጠብሳ ታቀርብና ጋዜጣውን ትገልጣለች። ትሬል ሥዕል ላይ ስትደርስ ሻይዋ እስኪደፋ ትስቃለች።

«ይሄ ሰውዬ ገደለኝ እኮ!»

«እኔ ነኝ የቀረጽኩት» ይላል ፖትል።

«አውቃለሁ፣ ጎበዝ ነህ» ትለዋለች፣ ቀና ሳትል።

ያቺ «ጎበዝ ነህ» እንደ እሾህ ትወጋዋለች። «አሥራ ሁለት ዓመት በትዳር ስንኖር አንድ ቀን እንደዚያ አስቄያት አላውቅም» አለኝ አንዴ፣ ቢራችንን ይዘን እንደተቀመጥን።

ትሬል እሁድ እሁድ እነሱ ቤት ምሳ ይበላል። አንድ ማክሰኞ አዲስ ሥዕል ላከ፤ ፖትል ጠርቶ አሳየኝ። ሥዕሉ ላይ ሚስት ጋዜጣ ይዛ ከወንበሯ ልትወድቅ እስክትደርስ ትስቃለች። ባል አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አፍንጫው ወረቀቱን ሊነካ ምንም ሳይቀረው፣ በማጉያ መስታወት የሆነ ነገር ይፈልጋል። እኔ ከሥሩ የምለቅመው ጽሑፍ «ቀልዱ የቱ ጋ ነው?» የሚል ነው። ባልየው ፖትል ራሱ ነበር፤ በሥራ ብዛት የጠበበች ዓይኑ እንኳ አልቀረችም።

«ለካ እሁድ የበግ ሥጋዬን እየበላ ይህን ነው ሲያጠና የነበረው!» አለ። «ይባስ ብሎ በገዛ እጄ እንድቀርጸው ላከልኝ።»

«ቀልድ ነው ጀቤዝ፣ ተወው።»

«አንተ ሂድና ፊደልህን ልቀም።»

ሐሙስ እንጨቱ ተቀርጾ ወረደልኝ። ፖትል የባልየውን ፊት በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ እንደገና ስሎታል። የዶሮ የመሰለ ቀጭን አንገት፣ ከንፈር አልፈው የወጡ ሁለት የፊት ጥርሶች፣ ሰው ሲያመሰግነው የሚያሳያት ያቺ የተሽኮረመመች ፈገግታ፤ ትሬል ቁርጥ! ሃያ ዓመት በክፉ ዓይን የተለቀመ ሁሉ እዚያ ፊት ላይ ነበር። ሳቄ አመለጠኝ። ለአዘጋጁ መናገር ነበረብኝ፤ ዝም ብዬ ፊደሌን ደረደርሁ።

ቅዳሜ ከተማው በሳቅ ፈነዳ። «ትሬል ራሱንም አልማረም! ሰው ማለት እንዲህ ነው!» ተባለ። በፖትል ቤት የሆነውን የነገረኝ ራሱ ነው። ሄስተር እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

«ጥርሱን እየው! ጌታ ይባርከው፣ በራሱ የሚስቅ ሰው ስንት አለ?»

«ሄስተር፣ እኔ ነኝ የሳልኩት።»

ጋዜጣውን ዝቅ አድርጋ አየችውና ሳቋ ይብስ አገረሸ። «አንተ? ጀቤዝ! ይሄ ከተጋባን ጀምሮ የመጀመሪያ ቀልድህ ነው!» አለች፣ ሳታምነው።

ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ።

ሰኞ ትሬል መጣ። እየዛተ ይወጣል ብዬ ስጠብቅ ደረጃውን ቀስ ብሎ ወጣ፤ ይደባደባሉ ብዬ ተከተልኩት። እጁን አፉ ላይ አድርጎ ፖትል ፊት ቆመ።

«ጥርሴ እንዲህ ነው?»

«ከዚያም ይብሳል» አለ ፖትል።

«ሃያ ዓመት አብረን ስንበላ ጥርሴን ነበር የምታየው?»

«አንተስ ዓይኔን አይደል?»

ትሬል ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «አዘጋጁ እንዲህ ያለ ጨምርልኝ አሉኝ። ከቅዳሜ ጀምሮ በመስታወት እያየሁ ፊቴን ስስል ሰነበትኩ፤ አንዱም ያንተን አያህልም። እውነቱን ልንገርህ? ቀናሁብህ። አንጀቴ አረረ።»

ፖትል ያንን ቃል ለመስማት ስንት ዓመት እንደጠበቀ እግዜር ያውቃል። ፊቱ በራ፤ ወዲያው ደግሞ ጠቆረ። «ታዲያ የኔ ሥራ መሆኑን ነገርካቸው?»

ትሬል መሬት መሬቱን አየ። «አሁን እነግራቸዋለሁ» ብሎ ወረደ። ነገራቸውም።

አዘጋጁ ለፖትል ሦስት ባዶ እንጨት ሰጡት። ጳጳስ፣ ዳኛና ጋሪ ነጂ ሊስልባቸው ወር ሙሉ ለፋ። የጳጳሱ ልብስ ቁልፍ አንድ እንኳ አልጎደለም።

«ሚስተር ፖትል፣ ይሄ ጳጳስ ሊባርከኝ የተነሳ ነው የሚመስለው» አሉ አዘጋጁ። «ማን ይስቅበታል?»

«ጳጳሱን በቅርብ አላውቃቸውም፣ ጌታዬ።»

«ትሬልስ መቼ ያውቃቸዋል?»

ፖትል ወደ መስኮቱ ተመለሰ። እጁ የሚያስቀው በአንድ ሰው ፊት ላይ ብቻ መሆኑን ያን ቀን ተረዳ።

ትሬል የእሁዱን ምሳ ስምንት ወር አቋረጠ። ሲመለስ ያን ፊት የሳለው በእርግጥም ፖትል መሆኑን ገበታ ላይ ለሄስተር አወጣላት። ያንን ጋዜጣ ከመሳቢያ አውጥታ ትክ ብላ አየችው። አልሳቀችም።

«ጀቤዝ፣ ይሄን ያህል ትጠላው ነበር?»

«እሱን አልጠላሁትም» አለ ፖትል። «በሳቅሽ ነው የቀናሁት።»

ትሬል አንገቱን ደፍቶ ድንቹን ይቆራርጥ ጀመር። ከዚያ ወዲያ ሄስተር ቅዳሜ ጋዜጣዋን ጓሮ ወስዳ ታነብ ነበር፤ ፖትል ግን ሳቋን በግድግዳው በኩል ይሰማዋል።

ትሬል በአራተኛው ክረምት በሳንባ በሽታ ሞተ። ሬሳ ሳጥኑን ከተሸከሙት አንዱ ፖትል ነበር። ከመቃብሩ ስንመለስ መንገዱን የሞላውን ሕዝብ ዞር ብሎ አየ።

«ስንት ሰው ወጣለት፣ አየህ?» አለኝ።

ከልቡ እያለቀሰ ነበር። ያን የድምፁን ቃና ግን አውቀዋለሁ፤ ስለ ሄስተር ሳቅ ሲያወራኝ የሰማሁት ነው።