በማቡኪያው ውስጥ የተባለው ቃል

የጡብ ፋብሪካው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሴት ናት። ሲነኳት ቶሎ ስለምትቃጠል ሠራተኞቹ «ፊውዝ» ይሏታል። ሽቦ ላይ እጇ አይሳሳትም፤ ሰው ፊት ስትቆም ግን ምላሷ ይተሳሰራል። አለቃው «ከዛሬ ጀምሮ ሰኞ ሰኞ ስለ አደጋ የምትናገሪው አንቺ ነሽ» እስኪላት ድረስ ይህ ከቁም ነገር አልተቆጠረም ነበር።

የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ የጭቃ ማቡኪያ ማሽኑን ክንፎች ለመፋቅ ውስጡ የሚገባ ሰው መጀመሪያ ማብሪያውን አጥፍቶ በጓጉንቸር ይቆልፍ፣ ቁልፉንም ኪሱ ከትቶ ይግባ። ታላቅ ወንድሟ የሞተው እዚያ ውስጥ ነው። አሁን የሚገባው ደግሞ «ሬዲዮ» የሚሉት ሰው ነው፤ አፉንም አይዘጋ፣ ማብሪያውንም አይቆልፍ።

የመጀመሪያው ሰኞ ደንቡን ከወረቀት አነበበች። ገና ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ሳለች ሬዲዮ ከኋላ፣

«ፊውዝዬ፣ ዜናው ይብቃንና ወደ ሙዚቃው እንለፍ!» አለ።

ሳቁ ጣሪያውን ነቀነቀው። እሷም ወረቀቱን አጣጥፋ ወደ ሥራዋ ሄደች። ሬዲዮ እያፏጨ፣ ሳይቆልፍ ማቡኪያው ውስጥ ገባ።

የምትኖረው ከሟች ወንድሟ ሚስት ጋር ነው። ማታ እራት ሲያነሱ ነገረቻት።

«ምን ብለሽ ነገርሻቸው?» አለች ምራትየዋ።

«ደንቡን ነዋ!»

«እሱንማ እኔም ብሆን አልሰማሽ። የወንድምሽን ንገሪያቸው።»

«እትዬ፣ እንዴት አድርጌ?»

«እንደሆነው። እኔ ላይ ተለማመጂ፣ በይ።»

ፊውዝ ጀመረች። ምራትየዋ ልብስ እያጠፈች ታርማታለች። «አትሩጪ። ‹አሳዛኝ› የሚለውን ተዪው፣ ማዘኑን ለእነሱ ተዪላቸው። ሹራቡም ሰማያዊ አልነበረም፤ ቡናማው ነው፣ ክርኑን እኔ ነኝ የጣፍኩት።» መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ግን እጇ ልብሱ ላይ ቀረ። «እዚህ ላይ ዝም በይ» አለች። ቤቱ ውስጥ ሦስተኛ ሰው የተቀመጠ ይመስል ነበር።

በሚቀጥለው ሰኞ ፊውዝ ባዶ እጇን ቆመች።

«ወንድሜ ቡናማ ሹራብ ለብሶ ነበር። ‹ይህች ማሽን ከሚስቴ ይልቅ ታስጠርገኛለች› ብሎ አሳቀንና ገባ። መፋቂያው ብረቱ ላይ ሲንኳኳ ይሰማኛል፤ እኔ ማዶ መሰላል ላይ ነኝ። ከዚያ ኳኳታው ቆመና ‹በቃ!› አለ። ማብሪያው ጋ የቆመው ጓደኛው ጨርሶ የወጣ መሰለው። አበራው።»

ዝም አለች።

«እና... ምን ማለቱ ነበር?» አለ ሬዲዮ። ድምፁ የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

«አላውቅም። ‹ጨርሻለሁ› ይሆናል። ‹ቆይ፣ አትንካ› ይሆናል። ‹ደከመኝ› ይሆናል። ሻይ ሲቀዳላችሁ ‹በቃ› ትላላችሁ፣ ጡብ ስታሸክሙ ‹በቃ› ትላላችሁ። እኔ በሰማሁት ቁጥር ወደ ማቡኪያው እዞራለሁ። የቱን እንዳለ እስከ ዛሬ አልነገረኝም።»

ሠራተኞቹ ወደየሥራቸው ሄዱ። ከቀትር በፊት ማቡኪያው ሲቆም ሬዲዮ ወደ እሷ መጣና እጁን ዘረጋ።

«እስቲ ያንን ጓጉንቸርሽን አምጪው። ደግሞ ዝጎ እንዳይሆን፣ ስከፍተው ውዬ ምሳ እንዳያመልጠኝ።»

ማንም አልሳቀም፤ እሱም አልሳቀም። ማብሪያውን አውርዶ ቆለፈ፣ ሁለቴ ጎተት አድርጎ አየው፣ ቁልፉን ኪሱ ከተተና ጎንበስ ብሎ ገባ። መፋቂያው መንኳኳት ጀመረ።

ፊውዝን የጡብ መተኮሻው ምድጃ ጋ የተቃጠለ ሞተር ይጠብቃታል። ሆኖም ከማብሪያው ሥር አልተነቃነቀችም። ጓጉንቸሩን ጎተተችው፤ አይከፈትም። ደግማ ጎተተችው። ድንገት ኳኳታው ቆመ።

«ፊውዝ፣ እዚያው ነሽ እንዴ?» አለ ከብረቱ ውስጥ የሚያስተጋባ ድምፅ።

«አለሁ።»

«ቁልፉ እኮ እኔ ጋ ነው። ሂጂ እንጂ፣ ሥራሽን ሥሪ።»

«እሺ፣ ሄድኩ» አለች።

መፋቂያው እንደገና መንኳኳት ጀመረ። እሷ ግን ጓጉንቸሩን በእጇ እንደጨበጠች ነበረች።