እንዳለ ይቀመጥ

እኔን የጣለኝ የተሳሳተው ዓረፍተ ነገር አይደለም፤ ትክክለኛው ነው። በእንግሊዝኛው ፈተና አንድ ዓረፍተ ነገር ይሰጥና፣ ስህተት ካለበት ከሥሩ ከተደረደሩት ምርጫዎች የሚያስተካክለውን አክብቡ ይባላል። የመጀመሪያው ምርጫ ሁልጊዜ «እንዳለ ይቀመጥ» የሚል ነው። እኔ እሱን ምርጫ አክብቤው አላውቅም ነበር።

ካርቱም ውስጥ አንድ የነርስ ትምህርት ቤት ይህን ፈተና ላለፉ የውጭ አገር ሰዎች ነፃ ቦታ ይሰጥ ነበር። የዕድሜ ገደብ ስላለው የዚያ ዓመት ፈተና ለእኔ የመጨረሻው ነበር። ካለፍኩ ነርስ እሆናለሁ፤ ከወደቅኩ አርካዊት ሰፈር የሰው ቤት ወለል እያሸሁ አረጃለሁ። ሌላ መንገድ አልነበረኝም። «እግዜር ያውቃል፣ አይዞሽ» የሚሉኝ ሰዎች ራሳቸው ያናድዱኝ ነበር።

ዓርብ ዓርብ፣ የእረፍት ቀኔ ስለሆነ፣ የዓባይን ድልድይ ተሻግሬ ባሕሪ ወደሚባለው ሰፈር እሄዳለሁ። አገር ቤት አስተማሪ የነበሩ፣ ካርቱም ላይ የሸበቱ፣ ጋሼ የምላቸው አንድ ሰው በተከራዩት ግቢ፣ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ያስጠኑኝ ነበር። አንድ ዓርብ የመለማመጃ ወረቀቴን አይተው መነጽራቸውን አወለቁ።

«አንቺ ልጅ፣ የተበላሸውን ሁሉ አስተካክለሻል። የሳትሽው ደህና ደህናውን ነው። አሁን ይሄ ምን አጠፋ?»

«እኔ እንጃ ጋሼ። ብቻ አንድ ነገር ሳይኖርበት አይቀርም።»

ከት ብለው ሳቁ። የእኔ ግን ደሜ ፈላ። በምሠራበት ቤት እንዳለ ይቀመጥ የሚባል ነገር እንደሌለ ነገርኳቸው። ብርጭቆ አጥቤ ሳቀርብ አሠሪዬ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጋ ታገላብጠዋለች፤ አንድ ነገር ሳታገኝበት አትመልሰውም። የተኮስኩት ጀላቢያ ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ እሷ ሳታይ እኔው ቀድሜ ጥፋት እፈልጋለሁ፤ ንጹሑን ደግሜ አጥባለሁ።

ሳቃቸው ጠፋ። «በይ ያላ፣ ስሚኝ። ስህተቱን በጣትሽ ካላሳየሽኝ እለፊው። ኸላስ፣ አለቀ! ተመልሰሽ እንዳትነኪው።»

የፈተናው ቀን አዳራሹ በሙቀት ይነድ ነበር። በምክራቸው ጀመርኩ። ስህተት ባጣሁበት ላይ «እንዳለ ይቀመጥ»ን እያከበብኩ አለፍኩ፤ እየቀለለኝም መጣ። ከሌሎቹ ቀድሜ ጨረስኩ፤ መከራዬም እሱ ሆነ። ወረቀቱን አስረክቤ መውጣት ስችል ቁጭ አልኩ። የተውኳቸው ዓረፍተ ነገሮች አላስቀምጥ አሉኝ። እንዴት ይሄ ሁሉ ደህና ይሆናል? አንዱን በላጲስ ነካሁት፤ አጥፍቼ ሌላ ምርጫ አከበብኩ። ከዚያ ቀጣዩን። እጄን መያዝ አቃተኝ። ፈታኙ ወረቀቱን ከፊቴ ሲያነሳ ገና እያጠፋሁ ነበር።

ወደቅኩ። ጋሼ በስልክ «ለጥቂት እኮ ነው» እያሉ ሊያጽናኑኝ ሞከሩ፤ ለጥቂት መሆኑ ይበልጥ አንገበገበኝ። ከዚያ በኋላ ምንም አልጠበቅኩም። ጠዋት የምነሳው ስለሚቀሰቅሱኝ ብቻ ነበር።

ካለፍኩ ሥራ እንደምለቅ ለአሠሪዬ አስቀድሜ ነግሬያት ነበርና፣ መውደቄንም መናገር ነበረብኝ። ኩሽናው በር ላይ ቆማ ሰማችኝ፤ ፊቷ በራ።

«አልሐምዱሊላህ!» አለች በዓረብኛዋ። «አንቺን የመሰለች ከየት አገኝ ነበር? ከሥራሽ እኮ አንድ ቀን እንከን አግኝቼበት አላውቅም።»

ዓይኗን አየሁት፤ ከልቧ ነበር፤ ከመለሰችብኝ ብርጭቆ ሁሉ አንዱንም አታስታውስም። «ሹክረን» ብዬ አመስግኛት ፊቴን ወደ ቧንቧው አዞርኩና ትንፋሽ እስኪያጥረኝ አለቀስኩ።