ዝም የሚለው ፕሮግራም

ወንድሜ ከላሊበላ ሲወጣ ትቶልኝ የሄደው ላፕቶፕ እንደ ቤተሰባችን ሰው ሁሉ ግትር ነበር። አሮጌ ነው፤ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ሆኖ ሲሠራ የገዛው። የድሮው ሲስተም ሲከብደው አጥፍቶ ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ ሲስተም ጫነበትና "በቃ፣ እንደ አዲስ ሆነልሽ" ብሎ ሰጠኝ። እንደ አዲስ የሆነው ለእሱ ነው። እኔ ጋ ሲደርስ ዋይፋይ ደስ ሲለው የሚይዝ፣ ደስ ሲለው የሚለቅ ዕቃ ሆነ። የሚያስገድደኝ ነገር ባይመጣ ኖሮ ጨርቅ አልብሼ ሳጥን ላይ እተወው ነበር።

የሚያስገድደኝ ነገር ግን መጣ፤ ያመጡትም አባዬ ናቸው።

አባታችን ዕድሜ ልካቸውን ዜማ ያስተማሩ መሪጌታ ነበሩ። ወንድሜንም ለዚያው አሳድገው ለዲቁና አድርሰውታል። ቱሪስት ጠፍቶ ሆቴሎቹ አንድ በአንድ ሲዘጉ እሱም ሥራ ፈትቶ ከረመና በየመን በኩል ሳውዲ ለመግባት ተነሣ። ልጃቸው ቅዳሴውን ጥሎ ወደ በረሃ መውረዱ አባዬን አንገበገባቸው። በር ላይ ቆመው "ሂድ፣ አልከለክልህም። ምርቃቴን ግን ይዘህ አትሄድም" አሉት። እሱም አንገቱን ደፍቶ ጥቂት ጠበቀ፤ ሐሳባቸውን ይቀይሩ እንደሆነ ብሎ ነው። አልቀየሩም። እኛ ዘንድ ያለ አባት ምርቃት መውጣት ያለ ስንቅ ከመውጣት ይብሳል፤ ስንቅ መንገድ ላይም ይገኛል።

ወንድሜ ደረሰ፣ ታሰረ፣ ተፈታ፣ የሰው ግቢ ጠባቂ ሆነ። በደወለ ቁጥር ስለ ሙቀቱ፣ ስለ አሠሪው፣ ስለ ምግቡ ያወራና መጨረሻ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "አባዬስ፣ ምን አሉ?" ይላል። ያሉት ነገር አልነበረም። እዚያ የደረሰበትን ክፉ ነገር ሁሉ፣ ጥርሱን ሲያመው እንኳ፣ ያባዬ ምርቃት ስለሌለው እንደሆነ ያስብ ነበር። እኔ በዚህ እበሳጭበታለሁ፤ ተመርቀው የወጡትም እኮ እዚያው አብረውት ታስረዋል። ግን ሰው ያመነውን ከውስጡ አታወጣለትም።

ከዚያ አባዬ ታመሙ። ወልዲያ ስወስዳቸው ሐኪሙ ወደ ጎን ጠራኝና የሆዳቸው እብጠት መድኃኒት እንደሌለው ነገረኝ። ለእሳቸው አልነገርኳቸውም፤ ሳይነገራቸው ግን ያወቁ ይመስለኛል። ከተመለስን በኋላ አንድ ቀን ጋቢያቸውን ስደርብላቸው "እስቲ ያን ልጅ አምጭልኝ፤ ልመርቀው" አሉኝ።

"አሁኑኑ ልደውልለት አባዬ?"

"በስልክ አይሆንም። የምመርቀው ሰው አንገቱን ሲደፋ ማየት አለብኝ። ድምፅማ ከየትም ይመጣል።"

ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት የስልክ ስክሪን ላይ ያለ ፊት አይለዩም። ትልቅና ብርሃን ያለው ነገር ከሆነ ብቻ፣ ቀረብ ብለው፣ ያያሉ። ስለዚህ ያ ግትር ላፕቶፕ ከሳጥን ላይ ወረደ።

ለወንድሜ ስጽፍለት መጀመሪያ በድምፅ መልእክት አለቀሰ፤ ቀጥሎ እንደ ልማዱ ያስተምረኝ ጀመር። "ከዋይፋይ ጋር የሚያገናኘውን ፕሮግራም ቀይሪው። ሦስት ዓይነት አለ፤ ለአንች የሚሆነውን ምረጭ" አለኝ። ምረጭ! እኔ በሕይወቴ የመረጥኩት ነገር ጥቂት ነው። ሥራዬንም ባሌንም ሌላ ሰው ነው የመረጠልኝ፤ ሁለቱም አልበረከቱም። አሁን ደግሞ ያባቴ ምርቃት በእኔ የፕሮግራም ምርጫ ላይ ተንጠለጠለ።

የመጀመሪያው ከሲስተሙ ጋር አብሮ የመጣው ነበር። ስክሪኑ ጥግ ላይ የዋይፋይ ምልክት ያስቀምጣል፤ ሲገናኝ ያወራል፣ ሲቋረጥ ያወራል፣ "ግንኙነት ጠፋ" የሚል ሳጥን በመሃል ፊት ላይ ይደነቅራል። ችግሩ ወሬው ብቻ አልነበረም። ፕሮግራሙ ወንድሜ ድሮ የሠራባቸውን ሆቴሎች ዋይፋይ ሁሉ ያስታውሳል። አብዛኞቹ ከተዘጉ ቆይተዋል፤ እሱ ግን የያዘውን መስመር እየለቀቀ እነሱን ሊፈልግ ይሄዳል። አንዳንዴ ያሳዝነኝ ነበር፤ ከተማችንም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ሁለተኛው ጥቁር ስክሪን ላይ ትእዛዝ እየጻፉ የሚያዙት ነው። ወንድሜ ትእዛዙን በመልእክት ላከልኝ፤ እኔም እያየሁ ጻፍኩ። አንድ ፊደል ስትጎድል ሁሉንም ይጥለዋል። አባዬም ተማሪ ዜማ ሲስት ከመጀመሪያው ነበር የሚያስጀምሩት፤ እሳቸው ግን ቢያንስ የት ላይ እንደተሳሳትክ ይነግሩሃል። ግማሽ ቀን ታግዬ ተውኩት።

ሦስተኛውን ወንድሜ "ቀላሉ" ይለዋል። ይህኛው አንድ መስመር ስጠው፣ እሱኑ ይዞ ይቀመጣል። ወዲያ ወዲህ አይልም። ምልክት የለውም፣ ሳጥን አያወጣም፣ ተናገር ካላልከው አይናገርም። ወደድኩት። ከዚያ ሁሉ ለፍላፊ በኋላ ዝም የሚል ነገር ማግኘቴ እረፍት መስሎኝ ነበር።

እሱን ለማውረድ ደግሞ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ኢንተርኔት የሚያስተካክለውን ነገር ለማምጣት ኢንተርኔት! ከጓሯችን ግንብ ወዲያ ያለው ሆቴል ግማሹ ክፍት ነው። ባለቤቷ የእናቴ የልጅነት ጓደኛ ስለሆነች ፓስዎርዱን ሰጥታኛለች። ባዶ ወንበሮቿ መሃል ተቀምጬ አወረድኩት። ወንድሜ "ሁለቱ ባንድ ማሽን አብረው አይኖሩም፣ አሮጌውን አጥፊው" ብሎኝ ስለነበር፣ ከሁለት ያጣ ጎመን እንዳልሆን እየፈራሁ አጠፋሁት። የተዘጉት ሆቴሎች ስም ሁሉ አብሮ ጠፋ። አዲሱም ያለ ምንም ወሬ ተገናኘ። ለመሞከር ከወንድሜ ጋር ረጅም ጊዜ አወራን፤ አንድም ጊዜ አልተቆረጠም። "ጥሩ መርጠሻል" አለኝ። እንደዚያ ብሎኝ አያውቅም ነበር።

ቀኑን አርብ አደረግነው፤ እሱ ሥራ የማይገባበት ቀን ነው። አባዬ ጠዋት ተነሥተው ጥምጣማቸውን ጠመጠሙ፣ ቅዳሴ እንደሚገቡ ሁሉ ነጭ ለበሱ። የሆቴሉ ዋይፋይ ደህና የሚደርሰው ግንቡ ሥር ስለሆነ ወንበራቸውን እዚያ አወጣሁላቸው። ላፕቶፑን በርጩማ ላይ አስቀምጬ ወደ ፊታቸው አስጠጋሁት። ብርድ ነበር፤ አሸተን ማርያም ያለችበትን ተራራ ጉም ሸፍኖታል።

ወንድሜ ታየ። ፀጉሩን ተላጭቶ፣ ነጠላ ከየት እንዳመጣ እንጃ፣ ነጠላ ለብሶ ነበር። የአባዬ ፊት ስክሪኑን ሊነካ ሲቃረብ ብርሃኑ ጥምጣማቸውን አበራው።

"ከሳህ" አሉት።

"ደህና ነኝ አባዬ። እርስዎ እንዴት ሰነበቱ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። በል ጎንበስ በል።"

ጎንበስ አለ። አባዬ ቀኝ እጃቸውን አነሡ። እኔ ከኋላቸው ቆሜ ነበር።

"እግዚአብሔር ከክፉ ነገር ይሰውርህ።"

"አሜን" አለ ወንድሜ።

"በወጣህበት መንገድ በሰላም ይመልስህ።"

"አሜን!" ድምፁ ተሰባበረ፤ እያለቀሰ ነው።

"አፈር ብትይዝ ወርቅ ይሁንልህ።"

መልስ የለም። ወንድሜ እንዳጎነበሰ ነው፤ የተላጨ ራሱና ነጠላው ጥርት ብለው ይታያሉ። ልቅሶው በርትቶበት ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ። አባዬም ጠበቁ። ምርቃት እንዲህ ነው፤ አንዱ ይመርቃል፣ ሌላው ይቀበላል፤ አሜን ካልተባለ ቃሉ የሚያርፍበት የለውም።

"አፈር ብትይዝ ወርቅ ይሁንልህ!" አሉ፣ ጮክ ብለው።

ዝም። ጨነቀኝና "አሜን" አልኩ እኔ።

"አንችን አይደለም" አሉኝ፣ ዘወር ሳይሉ። እጃቸው ገና አየር ላይ ነበር።

የስክሪኑን ጥግ አየሁ። ባዶ ነው፤ ምልክት የሚያስቀምጠውን አጥፍቼዋለሁ። ከወንድሜ ኋላ ወዳለው ጣራ ዓይኔን ስወረውር ግን ሲዞር የነበረው ማራገቢያ ቆሟል። ያኔ ገባኝ። "አባዬ! ተቋርጧል! መስመሩ ሄዷል!" ብዬ ጮህኩ። እጃቸውን ግን አውርደው ነበር።

"ፊቱ ይኸው አይደለም እንዴ?"

"እሱ አይደለም፤ ምስሉ ነው ደርቆ የቀረው።"

"ጎንብሶ ሰማኝ። ወርቅ ስለው ዝም አለኝ።" ከወንበራቸው ተነሡና ግንቡን እየዳበሱ ወደ ቤት ገቡ። እኔ በርጩማው ሥር ተንበርክኬ ያንን ዝምተኛ ፕሮግራም ተናገር እለዋለሁ። ሳዘው ነገረኝ፤ አልተገናኘም አለ። ያንን እኮ እኔም አውቄዋለሁ።

ሆቴሉ መብራት ሄዶበት ኖሯል፤ ለጥቂት ጊዜ ነው፣ ወዲያው ተመልሷል። የድሮው ለፍላፊ ቢሆን መስመሩ እንደጠፋ ሳጥኑን የወንድሜ ፊት ላይ ይደነቅረው ነበር፤ አባዬም ፊቱ ሲሸፈን ያዩ ነበር። ይህን አስቤ አስቤ ራሴን አሞኛል። ማንን ልስደብ? ፕሮግራሙ የመረጥኩትን ነው ያደረገው። ባለቤቷንስ መብራት ለምን ሄደብሽ ይሏታል?

መስመሩ ሲመለስ ወንድሜ እየጮኸ ነበር። "አሜን እያልኩ ነው! የአባዬ እጅ እንደተነሣ ቆሞ ታየኝ፤ ድምፃቸው ባይሰማኝም አሜን፣ አሜን እያልኩ ነበር። አልተሰማም?" ላፕቶፑን አቅፌ ወደ ቤት ሮጥኩ፤ በር ላይ ስደርስ ከዋይፋዩ ክልል ወጥቼ ፊቱ እንደገና ደረቀ። አባዬ ወደ ግድግዳው ዞረው ተኝተዋል።

"አሜን ብሏል አባዬ። ይምላል። እንደገና እንሞክር።"

"አንች ነሽ የምትነግሪኝ። እሱ አልመለሰልኝም።" ቆይተው ደግሞ፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ፣ "ሕዝብ ካልመለሰ ካህን ብቻውን አይቀድስም። ስንት ዘመን ያስተማርኩት ይህንኑ ነው" አሉ።

ከዚያ በኋላ ለመንኳቸው፣ የንስሐ አባታቸውም ለመኗቸው። አይሆንም አላሉም፤ "እስቲ ይሻለኝ" ይላሉ። አልተሻላቸውም። ሊያርፉ ሲሉ ቤተሰቡን ጠርተው በየተራ መረቁን። ቤቱ በአሜን ሞላ። የእኔ ተራ ሲያልቅ ጆሯቸው ላይ ጎንበስ ብዬ "ለወንድሜስ?" አልኳቸው። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ።

"ወርቅ ላይ ቆሜያለሁ" አሉ። ሌላ አልጨመሩም።

ለወንድሜ አልደበቅኩትም፤ ሁሉንም ነገርኩት። አሁን ስልክ ሲደውል ከሰላምታ በፊት "አሜን" ይላል። የምቀጥልለት የለኝም። ከወርቅ በኋላ ምን ሊሉት እንደነበር የሚያውቁት አባዬ ብቻ ናቸው።