ችካል «ያዝኩ» ያላለችበት ቀን

በሆስፒታሉ የሕፃናት ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት የሠራችውን ነርስ በስሟ የሚያውቃት የሠራተኛ መዝገብ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ችካል ይላታል። ስሙን ያወጣላት የክፍሉ ሐኪም ነበር፤ እሷ የያዘችው ጭንቅላት አይነቃነቅማ። መጀመሪያ ተቆጣች፣ ቀጥላ ለመደችው፣ ኋላ ላይ ደግሞ ኮራችበት።

ሥራዋ ለማያውቀው ሰው ሥራ አይመስልም። አንዳንድ ሕፃን ሲወለድ ከምላሱ ሥር ያለችው ስስ ጅማት አጥራ ምላሱን ወደ ታች ትይዝበታለች። ምንም የማያስቸግራቸው ብዙ ናቸው። የሚያስቸግረው ግን ጡት ያኝካል እንጂ አይጠባም፤ እናቱ ትቆስላለች፣ እሱም ይራባል። ያኔ ሐኪሙ ምላሱን ከፍ አድርጎ ጅማቷን በመቀስ ቅንጥስ ያደርጋታል። ነገሩ ሲወራ ቀላል ነው። ዳሩ ግን ከመቀሱ ጫፍ አጠገብ የደም ሥር አለ፣ ሕፃን ደግሞ «እባክህ ትንሽ ታገስ» ቢሉት የሚሰማ ፍጡር አይደለም። ስለዚህ ያዢ ያስፈልጋል።

ችካል ልጁን በአንሶላ ትጠቀልለዋለች፣ ጭንቅላቱን በሁለት መዳፏ ትይዛለች፣ ትንፋሹን ታዳምጣለች፣ ከዚያ «ያዝኩ» ትላለች። ሐኪሙ ይህን ቃል ሳይሰማ መቀሱን አያንቀሳቅስም። ከዚህ ቃል ሌላ እዚያች ክፍል ውስጥ ትንፍሽ አትልም። ቤቷ ስትገባ ግን ቀኑን ሙሉ ያፈነችውን ሁሉ ነው የምትዘረግፈው፤ ባሏ ሬዲዮው ሲበላሽ ያላሠራው ለዚህ ነው እያሉ ጎረቤቶቿ ያሙታል።

የልጅ ልጇ የተወለደው በታክሲ ውስጥ ነው። ምራቷን ምጥ አጣድፏት፣ የሆስፒታሉ በር ሊደርሱ ሁለት መታጠፊያ ሲቀራቸው ልጁ በኋላ ወንበር ላይ አያቱ እጅ ላይ ዱብ አለ። ባለታክሲው ከእናቲቱ በላይ ጮኸ። ችካል ግን ልጁን ሆዷ ላይ ለጥፋ፣ በሻሿ ሸፍና፣ እንደ ንግሥት ነበር በድንገተኛው በር የገባችው። ሠራተኛው ሁሉ አጨበጨበላት።

ስምንት ቀን አለፈ። ሦስት ኪሎ ከመቶ ሆኖ የተወለደው ልጅ ሁለት ኪሎ ከሰባት መቶ ሆነ። ለቅሶው ሳይቀር ቀጠነ። ምራቷ የጡቷ ጫፍ ተሰነጣጥቆ፣ ልጁን ባስጠጋችው ቁጥር የተጠቀለለ ፎጣ በጥርሷ ትነክስ ነበር። ችካል ደግሞ «ዝም ብለሽ አጥቢው፣ እኔ አውቃለሁ» ትላታለች። በስምንተኛው ቀን አላስችል ሲላት ጣቷን ልጁ አፍ ውስጥ ከትታ ዳሰሰችው። ምላሱ እስከ ጫፉ ታስሯል። የሰውን ልጅ ሁሉ ስታይ ኖራ የገዛ ቤቷን ሳታይ መቅረቷ አንገበገባት። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ማለት ይኸው ነው።

በነጋታው ጠዋት ልጁን ይዘው መጡ። መዝጋቢዋ ከመቀስ በፊት ለእያንዳንዱ ወላጅ የምታቀርባቸው አሥር ጥያቄዎች አሏት፤ በቤተሰቡ ደም የማይቆምለት ሰው አለ ወይ፣ ልጁ ሲወለድ ደም የሚያረጋውን የቫይታሚን መርፌ ተወግቷል ወይ፣ እያለ ይሄዳል።

«የችካልን የልጅ ልጅ ደግሞ ልጠይቅ እንዴ? አስተማሪዬን!» አለችና ከላይ እስከ ታች በአንድ ትንፋሽ የልጁ ካርድ ላይ ምልክት አደረገች። ችካልም ሰልፍ ስለቀረላት ደስ አላት።

«ዘመድ አይይዝም ነበር ደንቡ» አለ ሐኪሙ ጓንቱን እያጠለቀ። «ትችያለሽ?»

«ከኔ ሌላ ማን ሊይዘው ነው?»

ልጁን ለመጠቅለል ሸሚዙን ስትገልጥ እትብቱ ላይ የምስር ፍሬ የምታክል ቀይ ነጠብጣብ አየች። ትናንት ደረቅ ነበር። እትብት ሲወድቅ ትንሽ ይደማል፣ ምንም አይደለም፣ አለች ለራሷ። ጠቀለለችው። ጭንቅላቱን ያዘች። ሐኪሙ ምላሱን ከፍ አደረገ፣ መቀሱን አስጠጋ፣ ጠበቀ።

ችካል ግን «ያዝኩ» አላለችም።

ልጁ የተወለደበት ቀን ነገር ድንገት መጣባት። የማዋለጃ ክፍሏ ነርስ መርፌውን በብረት ሰሃን አቀበለቻት፤ «የልጁን ቫይታሚን አንቺው ትወጊዋለሽ አይደል?» «እወጋዋለሁ» አለች። ወዲያው ከመጋረጃው ጀርባ «ደም በዛባት!» የሚል ጩኸት ሰማች፣ ጩኸቱም ስለ ምራቷ ነበር። ሰሃኑን መስኮቱ ላይ አስቀምጣ ሮጠች። ከዚያስ? የልጁን ጭን ይዛ ነበር? ጥጥ ተጭና ነበር? ልጁስ አልቅሶ ነበር? አእምሮዋን ብታገላብጠው ምንም የለም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

«ችካል» አለ ሐኪሙ ዓይኑን ከልጁ አፍ ሳይነቅል፣ «አያት መሆን ድምፅ ይዘጋል እንዴ?»

ካርዱ «ተወግቷል» ይላል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅምና ዕድሜ ልኩን እንዲሁ ይላል። መቀሱ የሚነካው ትንሽ ነገር ነው፤ ምናልባት ምንም ላይሆን ይችላል። ልጁ ተርቧል። እውነቱን ከተናገረች ደግሞ የሃያ ስድስት ዓመት ስሟ በአንድ ጠዋት ያበቃለታል። ምራቷስ ምን ትላለች?

«ያዝሽ ወይስ አልያዝሽም?»

«አልያዝኩም» አለችና ሁለቱንም እጆቿን አነሣች። «መቀሱን አውጣው። መርፌውን አልወጋሁትም።»

«ካርዱ ላይ እኮ…»

«ካርዱን ተወው! ልወጋው ተቀብዬ ነው የረሳሁት። እትብቱን እየው።»

ሐኪሙ ሸሚዙን ገለጠ። ምስር የምታክለው ነጠብጣብ ሳንቲም አክላለች። በጎዝ ጨርቅ ተጭኖ ቆየ፣ ቢያነሣው ደሙ እንደገና ቀስ ብሎ ወጣ። መቀሱን ሰሃኑ ላይ አስቀመጠ። ያ ቀልደኛ ሰው አንድም ቀልድ አልመጣለትም።

«አሁኑኑ ይወጋል። ደሙ ይመርመር፣ እስከ ነገ እዚሁ ይተኛል፣ ወተቱን አልባችሁ በኩባያ ስጡት» አለ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለእናቱ ማን ይንገራት?»

«እኔ።»

ምራቷና የሕፃኑ አባት የሆነው ልጇ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

«አለቀ?» አለች ምራቷ ብድግ ብላ።

«አልተጀመረም።» ችካል ምንም ሳታሳምር ነገረቻቸው፤ መርፌውን፣ ሰሃኑን፣ መስኮቱን። ለማን ብላ እንደሮጠች ግን አልተናገረችም። ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፣ ዋጠችው።

«እማዬ፣ አንቺ? አንቺ እንዴት ትረሻለሽ?» አለ ልጇ።

ምራቷ ወንበሩ ላይ መልሳ ተቀመጠች። «ስምንት ቀን ሙሉ ‹እኔ አውቃለሁ› ሲሉኝ አመንኩዎት» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ችካልን ከዱላ በላይ ያመማት ይህ ነው።

ያን ቀን በየሁለት ሰዓቱ ወተቱን በኩባያ ያጠጣችው ችካል ናት። ምራቷ ኩባያውን ስትቀበልም ስትሰጥም አላየቻትም። ከቀትር በኋላ እትብቱ ማድማቱን አቆመ።

በማግስቱ የደሙ ውጤት ደህና ሆኖ መጣ። ሐኪሙ ሌላ ነርስ አዘጋጀ። «ትናንትም መፍቀድ አልነበረብኝም» አለ። ችካል አልተከራከረችም። የወላጆች አግዳሚ ወንበር ላይ ሄዳ ተቀመጠች፤ በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ተቀምጣበት አታውቅም፣ እንደዚያ እንደሚቆረቁርም አልጠረጠረችም።

ምራቷ ልጁን እንዳቀፈች በሩ ላይ ቆመች። አልገባችም።

«እሳቸው ካልያዙት አላስቆርጥም።»

«ትናንት የረሳችው እኮ እሷ ናት» አለ ሐኪሙ።

«ትናንት እጃቸውን ያነሡትም እሳቸው ናቸው።» ወደ አማቷ ዞረች፤ ከትናንት ወዲህ ዓይኗን ስታያት የመጀመሪያዋ ነው። «ይያዙልኝ።»

ችካል እጇን ታጠበች። ጠቀለለችው፣ ጭንቅላቱን ያዘች፣ ትንፋሹን አዳመጠች።

«ያዝኩ።»

መቀሱ አንዴ ገጠመ። ሁለት ጠብታ ደም ወጣ፣ ጎዙ ጠጣው፣ ሦስተኛ አልመጣም። ልጁ እየጮኸ ለእናቱ ተሰጠ።

ምራቷ እንደ ልማዷ ፎጣውን ነክሳ፣ ዓይኗን ጨፍና አስጠጋችው። ልጁ ዋጥ፣ ዋጥ ሲያደርግ ይሰማል። ዓይኗን ገለጠች። ፎጣው ከአፏ ወድቆ ጭኗ ላይ አረፈ፣ አላነሣችውም።

ያኔ የችካል እጆች መንቀጥቀጥ ጀመሩ። የመታጠቢያውን ጠርዝ ጨምድዳ ብትይዝም አልቆሙላትም።