ጠፍሩ ጠጥቷል

ያረጀ አልጋ ለመጠገን ጠፍር ስነክር፣ የራሰው ቆዳ ሽታ ወደዚያች ደሴት ይወስደኛል።

ከቆቦ በታች ወንዙ ለሁለት ተከፍሎ መልሶ ይገናኛል፤ ደሴቷ መሐል ላይ የቀረች ጠባብ መሬት ነበረች። ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ ድንበሯን ደምስሶ አዲስ ደለል ይጥልባታል። ስለዚህ ውሃው ጎደል ሲል ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ተሰብስቦ፣ ማሽላ ሳይዘራ፣ በአንድ ረጅም ጠፍር ይከፋፈላታል። ለእያንዳንዱ ቤት ስድስት ጠፍር ነው።

ለኪው አጎቴ ይመር፣ ጫፉን ያዧ ልጅ እኔ ነበርኩ። ባሏ የሞተባትን የእትዬ ዘይነባን ድርሻ ጠፍሩ ደረቅ ሳለ አስቀድመን ለካን። ከዚያ አጎቴ ጠፍሩን ውሃ ውስጥ እየጎተተ ሄዶ የራሱን ለካ።

«ይመር! ጠፍሩ ጠጥቷል!» ብላ ጮኸች ዘይነባ።

«ምን ጠጣ? ጠላ?» አለ አጎቴ። ወንዶቹ ሳቁ።

«ያንተ ስድስትና የኔ ስድስት እኩል አይደለም! ልጆቼ ምን ይብሉ?»

በደጋው በኩል ሰማዩ ጠቁሮ ያጉረመርማል። ጎርፉ ከደረሰ ከደሴቷ መውጫ የለም። አጎቴ ወደ እኔ ዞረ።

«የያዝሽው አንቺ ነሽ። ጠፍሩ ተቀይሯል?»

ሁሉም አፈጠጠብኝ።

«ያው ነው» አልኩ። የመሰለኝን ነበር የተናገርኩት።

ዘይነባ አንዴ አየችኝና ሻሿን አጥብቃ ወንዙን ተሻገረች።

«እማዬ፣ ይሄ ጠፍር ረዘመ እኮ!» ትለኛለች ዛሬ የልጅ ልጄ፣ የራሰውን እየሳበች።

«ጠጥቶ ነው» እላታለሁ።

ያን ቀን፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ማለት የነበረብኝ ይህንኑ ነበር።