የእርኩሟ ፎቶና ሁለቱ ሌንሶች

በ1965 ዓ.ም. ቡታጅራ ውስጥ ፎቶ የተነሳ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ሸረፋ ሸምሶ ፊት ቆሟል። መምህሩ ከረባቱን፣ ሙሽራዋ ሻሿን፣ ዳኛው ግንባሩን አስተካክለው፣ "እንዳትነቃነቁ!" ሲላቸው ትንፋሻቸውን ውጠዋል። የሸረፋ ልብ ግን ሌላ ቦታ ነበር። ሰው ቁጭ በል ሲሉት ይቀመጣል፤ ይህ ምን ሙያ ይጠይቃል ይል ነበር። እሱ የሚወደው ወፍ ማንሳት ነው። ወፍ ደግሞ አትታዘዝም፤ በፎቶ ቤቱ አጭር ሌንስ ሲያነሳትም ዝንብ አክላ ትወጣለች። አንድ ቀን ሚስቱ ሀጀራ አንዱን ፎቶ አይታ፣ "ቆሻሻ ነክቶታል" ብላ በሻሿ ጫፍ ጠረገችው። የጠረገችው ጭልፊት ነበረች።

ይህን ቀልድ ወደ ቁም ነገር የለወጡት አባቱ ናቸው። አባ ሸምሶ ከከተማው ወጣ ብሎ መስቃን ውስጥ ይኖራሉ። ከመንደሩ በታች፣ ወንዙ ዳር ባለው የዋርካ ጎድጓዳ ውስጥ እርኩሞች ይፈለፍላሉ። እርኩም ትልቅ ጥቁር ወፍ ናት፤ ከመብረር ይልቅ መራመድ ትወዳለች፣ አረማመዷም ችሎት የረፈደበት ዳኛ አረማመድ ነው። አባ ሸምሶ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ጫጩቷ አንገቷን የምታወጣበት ሰሞን አምልጧቸው አያውቅም ነበር። ጉልበታቸው ከከዳቸው ግን ሁለት ዓመት ሆነ።

"ዘንድሮስ ወጣች?" ይሉታል ልጃቸውን፣ በመጣ ቁጥር።

"ወጥታለች አባ። አይቻታለሁ።"

"አንተ ብታያት ለእኔ ምን ይሆነኛል!" አሉት አንድ ቀን፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው።

ይህች ቃል ሸረፋን እንቅልፍ ነሳችው። የጫጩቷን ፊት አጉልቶ አንስቶ አባቱ እጅ ላይ ካላኖረ ምኑን ፎቶ አንሺ ሆነ?

በማግስቱ አውቶብስ ተሳፍሮ አዲስ አበባ ገባ። ፒያሳ ያሉት ካሜራ ሻጭ፣ ጋሽ ፈቃደ፣ ሁለት ሌንሶች አወጡለት። አንዱ ባለ አራት መቶ ሚሊሜትር ነው፤ እንደ ውሃ ቧንቧ የረዘመ፣ ሩቁን ጎትቶ አፍንጫ ስር የሚያመጣ። ሌላው ዙም የሚሉት ነው፤ ከሰማንያ እስከ ሁለት መቶ ይደርሳል፣ አንገቱን ሲስቡት ያቀርባል፣ ሲመልሱት ያርቃል። ሸረፋ አቅሙ ለአንዱ ብቻ ነው።

"ለወፍ ከሆነማ ረጅሙን ውሰድ" አሉት ጋሽ ፈቃደ። "ዙሙ ቅርብም ሩቅም ለሚያማትር እንጂ ልቡ ለቆረጠ ሰው አይሆንም።"

ሸረፋም ዓይኑ ከረጅሙ ላይ አልተነቀለም። ቢሆንም ሳይሞክር ዕቃ የሚገዛ ሰው አይደለምና፣ መርካቶ የሚነግደውን የአጎቱን ልጅ ዋስ ጠርቶ ሁለቱንም እስከ ቅዳሜ በውሰት ይዞ ተመለሰ።

የሚሞክርበት ቦታ አላጣም፤ የአባቱ መንደር ጀፎረ አለ። ጀፎረ በሁለት ረድፍ ቤቶች መሃል የተዘረጋ፣ መንገድም ሜዳም የሆነ ሰፊ ሣር ነው። ለሌንስ መለኪያ ከዚህ የተሻለ አይገኝም። የከተማ ኑሮ ያስረሳው አንድ ነገር ነበር፤ ጀፎረ ላይ ሰው አይቶህ ሰላም ሳይልህ አይቀርም።

ካሜራውን ከዚህ ዳር ተክሎ፣ ከወዲያኛው ዳር አጥር በሚያጥረው በጎረቤታቸው በሙስተፋ ላይ ረጅሙን ሌንስ አነጣጠረ። ሙስተፋ ቀና ሲል የሚያፈጥበት ሰው አየ። ሥራውን ጥሎ መጣ።

"እዚያው ቁም! አትምጣ!" ሸረፋ ጮኸ።

"አሰላሙ አለይኩም ሳልልህ? ምነው፣ ተጣላን እንዴ?"

በሌንሱ ውስጥ ሙስተፋ መጀመሪያ ፊት ብቻ ሆነ፣ ቀጥሎ ጆሮ ብቻ፣ ከዚያ ጉም። ሸረፋ ካሜራውን ተሸክሞ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ሙስተፋ እጁን ዘርግቶ ተከተለው። ይህን ያዩ ጎረቤቶችም፣ የሸምሶ ልጅ መጥቶ ሳንጠይቀው ብለው ከየቤታቸው ወጡ። ሸረፋ ተስፋ ቆርጦ ዙሙን ገጠመ። ያን ጊዜ እየመለሰ፣ እየመለሰ፣ ቢቀርቡም ሁሉም ገቡለት።

ሰላምታው ሲያልቅ ጉዳዩን አጫወታቸው። ጎረቤቲቱ እትዬ ከድጄ ቧንቧ የመሰለውን ሌንስ ከላይ እስከ ታች አዩት።

"እኔ የማይገባኝ" አሉ፣ "ወፏን ወደ ሰውየው ለማምጣት ይህን ሁሉ ትለፋለህ። ሰውየውን ወደ ወፏ ብንወስደውስ? ትከሻ የለንም?"

ሸረፋ ረጅሙን ሌንስ ወደ ቦርሳው መለሰ። ሁለት ዓመት ሙሉ አባቱ ሲጠይቁት ይህች ሐሳብ አንድም ቀን አልመጣችለትም። በዚያው ከሰዓት በኋላ ወንበር ላይ ሁለት አጠና ታሰረ። አባ ሸምሶ "ገና አልሞትኩም፣ ቀስ በሉ!" እያሉ እየተቆጡና እየሳቁ በአራት ሰው ትከሻ ወንዝ ወረዱ።

ከዋርካው ፊት ለፊት አስቀመጧቸውና ሁሉም ርቆ ሣሩ ውስጥ ተኛ። ጫጩቷ ግርግሩን ሰምታ ጎድጓዳው ውስጥ ተሸሽጋለች። ተጠበቀች፤ እምቢ አለች። ያን ጊዜ አባ ሸምሶ ድምፃቸውን ከሆዳቸው አውጥተው "እምም… እምም…" አሉ፣ ልክ እንደ እርኩም። አንድ ጥቁር ጭንቅላት ብቅ ብሎ ቁልቁል አያቸው። ሽማግሌው እንደ ልጅ እጃቸውን አጨበጨቡ።

ሸረፋ ዙሙን ስቦ ጫጩቷን አነሳት። ቀጥሎ መለሰውና ሌላ አነሳ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ስለነበር ማስተካከሉን በእጁ ዳበሳ ነው የጨረሰው። ደስታ ነበር፣ ሌላ ምንም አልነበረም።

ቅዳሜ ጋሽ ፈቃደ የተመለሰላቸውን ረጅም ሌንስ እያገላበጡ ተገረሙ።

"ይሄ እኮ ይበልጥ ያቀርባል! ምን ጎደለው?"

ሸረፋ ከኮቱ ኪስ አንድ ፎቶ አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አኖረ። ከላይ ጫጩቷ ከዋርካው አንገቷን አስግጋለች፤ ከታች አንድ ሽማግሌ ወንበር ላይ ተቀምጠው አንጋጠው ይስቃሉ።

"አባቴ አልገቡበትም" አለ።