በሀበሻ ሰዓት የተጠበቀ በረዶ

ውሸት ነው! እኔ ብሩክን ልገድለው አልነበረም፤ ያዳንኩት እኔ ነኝ። ቆይ፣ ልጨርስ፤ ከዛ በኋላ ከፈለጋችሁ ትስቃላችሁ።

ነገሩ የተነሳው ባለፈው ቅዳሜ ነው፣ እዚሁ ዴንቨር ጥግ ቶርንተን፣ የብሩክ ልጅ ክርስትና ላይ። ሳምንቱን ሙሉ እቃ ጭኜ ስመላለስ፣ በዛች ትንሽ አውሮፕላን ነፋስ ሲያንገላታኝ ሰንብቼ፣ ቅዳሜ ደግሞ ጎህ ሳይቀድ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ፣ ወገቤ የእኔ አይመስለኝም ነበር። ሰሃኔን ይዤ ጥግ ላይ ቁጭ ከማለቴ፣ ዱለቱን ገና አንዴ ስጎርስ፣ አንዱ ከማዶ "ብሩክዬ፣ ለዚህ በቃህ! ይኼ ሚኪ እኮ አንዴ ሊገድልህ ነበር" አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ብሩክም ሳቀ። "ኧረ አይደለም" እንኳን አላለም። ሚስቱ ግን አልሳቀችም። መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ደግሞ አፌ ሙሉ ነው፣ ደክሞኛል፣ ዝም አልኩ። እንዲህ ዝም ያልኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ስለዚህ እዚህ እናገራለሁ።

ሌላው ጥርጣሬያችሁም ይገባኛል። "ትምህርት ያቋረጠ ልጅ እንዴት ፓይለት ይሆናል?" ነው የምትሉት። ያቋረጥኩት ዘጠነኛን ነው፤ ስምንተኛን አሳምሬ ጨርሻለሁ። አሜሪካ ደግሞ ለፓይለትነት ዲግሪ አይጠይቅህም። ጤነኛ ዓይን፣ ጤነኛ ጆሮና እንግሊዝኛ ነው የሚጠይቅህ። ሁለቱ ነበሩኝ።

ያኔ "አልደክምም" የምልበት ዕድሜ ላይ ነበርኩ። ዳውንታውን ዴንቨር ፓርኪንግ እሠራለሁ። ሌሊቱን እዛች የመስታወት ክፍል ውስጥ ተቀምጬ መኪና ሳስገባና ሳስወጣ አድሬ፣ ሲነጋ ባቡር ይዤ ወደ ቤቴ አውሮራ፣ ፊቴን ታጥቤ ወደ በረራ ትምህርት ቤት። ፒዮሪያ ስትሪት ላይ የምገዛት ሳምቡሳ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ትበርድና ጨርቁን በዘይት ታርሰዋለች። ቁርሴም ምሳዬም እሷ ናት። መብረሩ ራሱ ቀላል ነው፤ ወፍም ይበራል። እኔን የገደለኝ የመሳሪያ በረራ ቲዎሪ ነው።

የመሳሪያ በረራ ማለት ደመና ውስጥ ገብተህ፣ ከመስኮቱ ውጪ ምንም ሳታይ፣ ፊትህ የተደረደሩትን መሳሪያዎች ብቻ እያየህ መብረር ነው። የመጀመሪያው ትምህርት ምን መሰላችሁ? ሰውነትህ ውሸታም ነው። ደመና ውስጥ ጆሮህ ይምታታበታል። አውሮፕላኑ ቀጥ ብሎ እየሄደ "ዞረሃል" ይልሃል፤ እየዞርክ ደግሞ "ቀጥ ብለሃል፣ አታስብ" ይልሃል። ሰውነቱን ያመነ ይሞታል፣ መሳሪያውን ያመነ ቤቱ ይገባል። ክላሱ ሲጨነቅበት እኔ ወዲያው ገባኝ። ባቡር ውስጥ እንቅልፍ ጥሎኝ ስነቃ፣ የጎኔ ባቡር ሲንቀሳቀስ የእኔ የሄደ መስሎኝ ስንት ጊዜ ደንግጬ ብድግ ብያለሁ! የደከመውን ሰው ይቺን ማንም አያስተምረውም። እና ክላስ ውስጥ "ሰውነት ቀባጣሪ ነው፣ አትስሙት!" እያልኩ እጮህ ነበር። በአማርኛ ነው የምጮኸው፤ የሚሰማኝም ብሩክ ብቻ ነው።

ብሩክ አዲስ አበባ ኢንጂነሪንግ ጨርሶ የመጣ፣ ሒሳብ እንደ ውሃ የሚጠጣ ልጅ ነበር። እኔን "ፕሮፌሰር" ነው የሚለኝ፣ ለስድብ።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። ፓይለቶች በየሀገሩ ሰዓት አይሠሩም። ለዓለም ሁሉ አንድ ሰዓት አላቸው፣ ዙሉ ይሉታል፤ የአየር ትንበያውም የሚጻፈው በዙሉ ነው። ሰመር ላይ ከዙሉ ስድስት ሰዓት ስትቀንስ የዴንቨርን ታገኛለህ። ልጆቹ በጣታቸው ይቆጥራሉ፣ ስልክ ያወጣሉ። እኔ ግን አንድ ቀን ፓርኪንግ ውስጥ እያንጎላጀሁ በራልኝ። ስድስት! የእኛና የፈረንጅ ሰዓት የሚለያየውስ በስድስት አይደል? ፈረንጅ "ከቀኑ ሦስት" ሲል እኛ ዘጠኝ እንላለን። ትንበያው "በዙሉ ሃያ አንድ ሰዓት" ካለ፣ አሥራ ሁለቱን ትጥላለህ፣ ዘጠኝ ይቀርሃል። በቃ፣ በሀበሻ ዘጠኝ ሰዓት ነው! ጣት የለ፣ ስልክ የለ። እማዬ ኪችን ግድግዳ ላይ የሰቀለችው ሰዓት በሀበሻ ነው የሚሄደው። ለካ ስንት ዓመት ዙሉ እያየሁ ነው ሽሮ የበላሁት።

ለብሩክ ነገርኩት። ወረቀት አውጥቶ ሞከረው።

"ይሄን አንተ ነህ ያሰብከው?"

"እና ማን ሊያስብልኝ ነው?"

"አይ፣ ከማን ሰርቀህ ይሆን ብዬ ነው።"

ከዛ ወዲያ ግን ማስላቱን ተወው። ያ ሁሉ ኢንጂነሪንግ ያለው ሰው የአየሩን ሰዓት እኔን መጠየቅ ጀመረ። እኔም ኮራሁ። ማን ይጠላል?

ኖቬምበር ገባ። የመንገዱ ዛፎች ቅጠል መሬት ላይ ሲንኮሻኮሽ፣ ጠዋት ጠዋት ከመኪና መስታወት ላይ ውርጭ መፋቅ ሲጀመር፣ አሜሪካ በየዓመቱ እንደምታደርገው ሰዓት በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ተመለሰ። ያን እሁድ እማዬ የኪችኗን ሰዓት ተማምና ለቅዳሴ ብትወጣ በሩ ተዘግቶ ጠበቃት። "ማን ነው ፀሐይዋን ያዘዛት?" እያለች ተመለሰች። እኔም ወንበር ላይ ወጥቼ የግድግዳውን ሰዓት አንድ ሰዓት ወደ ኋላ መለስኩላት። "ተወው፣ አትንካብኝ" ስትለኝ "እማዬ፣ ይሄ ቴክኒክ ነው" አልኳት።

የቃል ፈተናዬ በዛው ሳምንት ነበር። አንዴ ወድቄያለሁ፤ ሁለተኛ ከወደቅኩ ትምህርት ቤቱ ሊያሰናብተኝ ነው። ከወጣሁ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ ያቺ የመስታወት ክፍል ውስጥ ነኝ። ከሺፍት ወጥቼ ረፋዱ ላይ ስደርስ ብሩክ የአውሮፕላን ቁልፍ ይዞ ሲወጣ በር ላይ ተገናኘን። ብቻውን ደቡብ ያለችው ፑዌብሎ ደርሶ ሊመለስ ነው፣ የበረራ ሰዓት ለማጠራቀም። ያኔ ሁለታችንም ጥርት ባለ አየር ብቻ ነው የተፈቀደልን፤ ደመና ውስጥ መግባት ክልክል ነው።

"ፕሮፌሰር፣ ስኖው ስንት ሰዓት ነው?"

ትንበያውን አየሁ። ሃያ አንድ። "ዘጠኝ።"

"በሀበሻ?"

"በሀበሻ።"

"ከዛ በፊትማ እመለሳለሁ። ካለፍክ ምሳ ትጋብዘኛለህ።"

"ከወደቅኩስ?"

"ያው ትጋብዘኛለህ፤ ሀዘን ላይ ይበላል።"

ፈታኙ ሚስተር ዋልተር የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። በእንግሊዝኛ "ዩ" ነው የምላቸው፤ በሆዴ ግን ሁሌ አንቱ ናቸው። ክፍላቸው ይሞቃል። ሌሊቱን ለሠራ ሰው ሙቀት ጠላቱ ነው፤ ዓይኔን በጣቴ ከፍቼ ነው የምመልሰው። ግን መለስኩ! አንዱ መሳሪያ ቢዋሽህ ውሸታሙን እንዴት ትይዘዋለህ ሲሉኝ፣ ከጎረቤቶቹ ጋር አፋጠዋለሁ፤ ሦስቱ አንድ ነገር ብለው አንዱ ሌላ ካለ እሱ ነው ሌባው፣ አልኳቸው። ከንፈራቸው ትንሽ ፈገግ አለች።

ከዛ የዕለቱን ትንበያ ፊቴ አስቀመጡ። "በረዶው እዚህ መቼ ይደርሳል?"

"ከቀኑ ሦስት ሰዓት።" ለእሳቸው በፈረንጅ መሆኑ ነው።

"እርግጠኛ ነህ?"

"ሚስተር ዋልተር፣ በዙሉ የሚቀድመኝ የለም።"

ወደ ሌላ ጥያቄ አለፉ። እኔም አልፌያለሁ ብዬ ማታ እንዴት እንደምተኛ ማሰብ ጀምሬ ነበር። በሰሜን በኩል ሰማዩ እንደ ድስት ቂጥ ጠቆረ። መስኮቱ ላይ አንድ ነገር ነጭ አለ፤ ከዛ ብዙ ሆነ፤ ከዛ ከሜዳው ማዶ የቆሙት አውሮፕላኖች ጠፉ። ሚስተር ዋልተር የእጅ ሰዓታቸውን አዩ።

"ሁለት ሰዓት። በሰዓቱ መጣ።"

ክው አልኩ። ሰዓት ወደ ኋላ ሲመለስ ከዙሉ የሚቀነሰው ስድስት መሆኑ ቀርቶ ሰባት ነው። የሀበሻ ሰዓት ግን ከፈረንጁ ያው በስድስት ነው የሚለየው። ዘዴዬ ሰመሩን ሙሉ ሠርታ፣ የዛን እሁድ እኔ ወንበር ላይ ቆሜ ሞታለች።

"ሦስት ነበር ያልከኝ" አሉ ረጋ ብለው። "ማስተካከል ትፈልጋለህ?"

እዚህ ጋ ልብ በሉ። "ይቅርታ፣ ሁለት ለማለት ነው" ብል አልቆ ነበር። ሰውየው በሩን ከፍተውልኛል። ግን ብሩክ አየር ላይ ነው፣ እየተመለሰ፣ በረዶው በሀበሻ ዘጠኝ ሰዓት ነው ብሎ እየዘፈነ። ካወራሁ ደግሞ ያልተማርኩትን ዘዴ ለሌላ ሰው አስተምሬ አየር ላይ እንደሰቀልኩት ራሴ መመስከሬ ነው። አንድ ሰከንድ አላሰብኩም። እሺ፣ ትንሽ አሰብኩ። ትንሽ ማሰብ ወንጀል ነው?

"ብሩክ ከፑዌብሎ እየመጣ ነው" አልኳቸው። "ሦስት ሰዓት ብዬ የነገርኩት እኔ ነኝ።"

ሽማግሌው እንደ ጎረምሳ ተነሱ። ስልክ አንስተው ለአየር ተቆጣጣሪዎቹ የአውሮፕላኑን ቁጥር ነገሩ፤ ወደዚህ እንዳይመጣ፣ ዞሮ ደቡብ እንዲያርፍ በሉት አሉ። ከዛ ስልኩን ጆሯቸው ላይ እንደያዙ ወደ እኔ ዞሩ፤ እኔም ስለ ሀበሻ ሰዓት፣ ስለ ስድስቱ፣ ስለ እማዬ ግድግዳ አንድ በአንድ ለፈለፍኩ።

"እናንተ ሀገር ሰዓት ወደፊትና ወደኋላ አይደረግም?"

"አይደረግም።"

"ብልህ ሀገር" አሉ። አልሳቁም።

ከዛ በኋላ ያለው መጠበቅ ነው። በዕድሜዬ እንደዛ ደክሞኝ አያውቅም። እንቅልፍ ያጣሁባቸው ሌሊቶች ሁሉ ያቺን ክፍል ጠብቀው ትከሻዬ ላይ ወጡ። በረዶው መስታወቱን ይመታል፣ ስልኩ ዝም ይላል። ጸሎት ልጀምር ስል መሃሉ እየጠፋኝ እንደገና ከመጀመሪያው እላለሁ። ቆይቶ ቆይቶ ሚስተር ዋልተር "አመሰግናለሁ" ብለው ስልኩን አስቀመጡ። "ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ላንድ አድርጓል።"

"ፈተናውስ?" አልኩ። አፌ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።

"የምን ፈተና? ነገ ና፣ ከመጀመሪያው እንጀምራለን። ተኝተህ ና።"

በነጋታው አለፍኩ፤ በጣቴ ቆጥሬ። ግን ያን ቀን መጀመሪያ የብሩክን ነገር መጨረስ ነበረብኝ። በአሮጌዋ መኪናዬ በዛ በረዶ ደቡብ ሄድኩ። ሞኑመንት የሚባለው ዳገት ላይ መኪናው ሁሉ እንደ ቀብር ሸኚ ተሰልፎ ይንፏቀቃል። ብሩክ ኤርፖርቱ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጦ ከማሽን የገዛውን ብስኩት ይዟል። አልከፈተውም።

መኪና ውስጥ ገብቶ ቀበቶውን አሰረ። በኋላ ነው ያወራው።

"መልእክቱ ሲደርሰኝ ደመናው ውስጥ ገብቻለሁ። ነጭ ነው ሚኪ፣ ክንፉ ራሱ አይታይም። ለመዞር ስጀምር ጆሮዬ 'ተገለበጥክ፣ ተገለበጥክ' ይለኛል።"

"እና?"

"እና ያ መጥፎ ድምፅህ መጣ። ቀባጣሪ ነው አትስሙት የምትለው። መሳሪያውን ብቻ እያየሁ ዞርኩ።"

"ሁለቴ ነዋ ያዳንኩህ!"

"የላከኝስ ማን ነው?"

"እሱን ተወው፣ እሱ ሌላ ርዕስ ነው።"

ሊስቅ ሞከረ። ብስኩቱን ደረቱ ላይ አስጠግቶ ኩርምት አለ። ማሞቂያውን ጨመርኩለት። ከብርድ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

ብሩክ ከዛ ቀን በኋላ አልበረረም። ሆስፒታል ውስጥ የላብራቶሪ ማሽን ይጠግናል፤ ጥሩ ሥራ ነው፣ ቤት ገዝቷል፣ ማታ ማታ ይተኛል። እኔ እየበረርኩ ነው፣ አልተኛም። አንዳንዴ ጠዋት ደመናውን ሰብሬ ስወጣ፣ ፀሐይዋ ነጩ ላይ ስትፈስ፣ ይሄን እሱ ነበር ማየት የነበረበት እላለሁ። ከዛ እዛኛው ጫፍ እቃ የሚጠብቅ ሰው አለ፣ እወርዳለሁ። ያዳንኩት እኔ ነኝ ስል ያሳጣሁትን ሳላውቅ አይደለም። ግን ሁለቱንም የሚያውቁት ብሩክና ሚስቱ ናቸው እንጂ ዱለት ሊበላ የመጣ ሁሉ አይደለም።

ደግሞ ልጁ የተወለደ ሰሞን ስልክ የደወለችልኝ የብሩክ ሚስት ናት። "ሁሉንም ነግሮኛል። ክርስትና የምታነሳው አንተ ነህ፣ ሰበብ አልሰማም" ብላ ዘጋችው። ቅዳሜ ጠዋት ልጁን ከቄሱ እጅ የተቀበልኩት እኔ ነኝ፤ እርጥብ ነው፣ ያለቅሳል፣ እጄን ረግጦኛል። ብሩክም ከዛ ጀምሮ ፕሮፌሰር ማለቱን ትቶ "አበልጄ" ነው የሚለኝ። ሊገድለው ለነበረ ሰው ማን ልጁን ያሳቅፋል? እኔን አትመኑ፣ ጉረኛ ነኝ። ሂዱና ያን ጠዋት ቤተ ክርስቲያን የነበረውን ጠይቁ፤ ቄሱን ጠይቁ፣ ዲያቆኑን ጠይቁ፣ ማንንም ጠይቁ፤ ልጁ ማን ትከሻ ላይ ነው ለቅሶውን የተወው?